የተከናነበ ማሰሮ

ጥር 6፣ ረቡዕ

የአጋማሽ ፈተና ሳርም ዋልኩ። "የኒዮክላሲካል ጌጥ መለያው ምንድን ነው?" ለሚለው ጥያቄ አንዱ ተማሪ "ያምራል" ብሎ ጽፎ ወጥቷል። ግማሽ ነጥብ ሰጠሁት። ከእውነት የራቀ አይደለም…

ከሰዓት በኋላ ሐጂ ዓብዱልላጢፍ ደወሉ። መንጌ ወረዳ ወርቅ ሲነግዱ ኖረው አሁን አሶሳ ላይ የሠርግ አዳራሽ አቁመዋል። ግድግዳው አልቋል፣ የቀረው ጌጡ ነው። የመጀመሪያዋ ሙሽራ ደግሞ የራሳቸው ልጅ ዋፋ ናት፣ ከዒድ በኋላ። ዋፋን ዩኒቨርሲቲ አስተምሬያታለሁ፤ አሁን ሸርቆሌ የስደተኞች ካምፕ ትምህርት ቤት ነው የምትሠራው። ጂፕሰም ሠሪው ከአዲስ አበባ ዕቃውን ይዞ እየመጣ ነውና ዓርብ ነይና ቀለም ምረጪ ነው ነገሩ። እዚህ የሥዕል መምህር መሆን ማለት ይሄ ነው። ለአጥር ቀለም፣ ለመጋረጃ ቀለም፣ ለባጃጅ ቀለም… ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ስለ ሥዕል ጠይቆኝ አያውቅም።

የእማዬን ጃንጥላ ዘርግቼ ወደ ቤት በእግሬ መጣሁ። ጥቁር ነው፣ እጀታው በክር የተጠመጠመ። ለአሶሳ ፀሐይ ጥቁር ጃንጥላ ሞኝነት ነው ይሉኛል። ይበሉ።

ስገባ ይልቃል ደወለ። ታናሽ ወንድሜ፣ ደብረ ታቦር ያለው። እማዬስ? አልኩት። ጸበል ሄዳለች አለኝ። ሰላም በልልኝ አልኩት። እሺ እታለም አለ።

እማዬ ከሞተች ወር አልፏታል።

ጥር 7፣ ሐሙስ

እንዴት እንዳወቅሁ እዚህ ልጻፈው፣ ለማንም አልተናገርኩትምና።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ፌስቡክ ላይ የእማዬን ፎቶ ለጠፈ። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፎቶ አንሺውን በቁጣ እያየች። ከሥሩ የሚነድ ሻማ፣ "ነፍስሽን ይማረው እትዬ ይታይሽ"። ስብሰባ ላይ ነበርኩ። አጀንዳው የመማሪያ ክፍል ቁልፍ ማን ይያዝ የሚል ነበር። ስልኬን ደፍቼ ስለ ቁልፉ አስተያየት ሰጠሁ። ጥሩ አስተያየት ነበር፣ በሙሉ ድምፅ አለፈ። ስወጣ ከፍቼ ብፈልገው ሻማውም ፎቶውም የለም። አንዱ ተቆጥቶ አስነስቶታል። "አስረሳሽ እኮ አልተረዳችም!" ብሎ መሆን አለበት።

የአገራችን ሥርዓት ነው። ሰው በሰው አገር ብቻውን ተቀምጦ የእናቱን ሞት በስልክ አይሰማም። ሽማግሌ ተልኮ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ይረዳል። እስከዚያ ድረስ የሞተው ሰው ጸበል ይሄዳል። ልምጣ ብዬው ነበር ይልቃልን። መንገዱ አይታመንም፣ ለፋሲካ ትመጫለሽ አለኝ። ስትመጣ በቤቷ፣ በዘመዷ መሃል ትረዳ ብለው ነው… ገብቶኛል።

ታዲያ ለምን አውቄያለሁ አልለውም? ለብቻው ቀብሯት ደግሞ እኔን በስልክ ሲያባብል እንዳይውል ብዬ ነው እላለሁ። ውሸቴን ነው። እውነቱ ሌላ ነው። ሰው እስካልነገረኝ ድረስ አልሞተችም።

ጥር 8፣ ዓርብ

ጉድ ነው! ከየት ልጀምር?

ጂፕሰም ሠሪው ቴዎ ይባላል። ፈጣን፣ ቀልደኛ፣ ፀጉሩ ሁልጊዜ ዱቄት የነካው። ፎርማዎቹን፣ የጂፕሰሙን መቅጃ ቅርጾች፣ አዳራሹ ወለል ላይ ደርድሮ ጠበቀኝ። መርካቶ አንድ ነጋዴ "ዘመናዊ የሠርግ ጌጥ፣ ሙሉ ስብስብ" ብሎ ነው የሸጠለት። የመጀመሪያውን ገለጠልኝ። ረጅም ማሰሮ፣ ግማሽ ጎኑ በጨርቅ የተከናነበ። ሁለተኛው ችቦ፣ ነበልባሉ ወደ ታች። ሦስተኛው አንገቷን ደፍታ ክንዷን ዓምድ ላይ የጣለች ሴት። አራተኛው ወገቡ ላይ የተሰበረ ዓምድ።

ሳቄ መጣ። ዋጥኩት።

የሠርግ ጌጥ አይደለም። የመቃብር ነው! ማሰሮው የሬሳ አመድ ማኖሪያ ነው፣ ጨርቁ የሐዘን መጋረጃ። የተዘቀዘቀው ችቦ የጠፋ ሕይወት ነው። የተሰበረው ዓምድ በወጣትነቱ የተቀጨ ሰው። ሴትየዋ አልቃሽ ናት። የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ የአውሮፓ ሀብታም ሰው ሲሞትበት እነዚህን በድንጋይ አስጠርቦ መቃብር ላይ ያቆማል፣ አልጠግብ ካለም አሳንሶ ሳሎኑ ውስጥ። አንድ ሴሚስተር ሙሉ የማስተምረው ይሄንኑ ነው። ስብስቡ አንድም አልጎደለው። የመርካቶው ነጋዴ ሐቀኛ ሰው ነው።

ሐጂ ከጁምዓ ሶላት ነጭ ጀለቢያቸውን እንደለበሱ መጡ። እየዞሩ አዩ። ማሰሮውን ወደዱት፣ የማር ዕቃ መሰላቸው። ችቦውን ቴዎ "አይስክሬሙ" ይለዋል፣ እሳቸውም አይስክሬም አሉት። ዓምዱን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ፤ መንገድ ላይ ሰብረኸዋል ብለው ያዙት። ቴዎ ሞዴሉ ነው ብሎ ማለ፣ ተገዘተ። አልሰሙትም። ሴትየዋ ዘንድ ሲደርሱ ግን ረጋ አሉ። "ሙሽራ ነው። አፍሯል" አሉ። ደስ ብሏቸው። በእሳቸው አማርኛ ሴትም ወንድ ናት። ሙሽራ አንገቷን ትደፋለች፣ በእሳቸውም አገር በእኔም አገር። እንዴት ብዬ ነው አልቃሽ ናት የምላቸው?

ዞረው ምን ይመስልሻል መምህርት አሉኝ።

አሁን መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ… "ጠርዙ ወርቃማ ቢሆን" አልኩ።

ጥር 11፣ ሰኞ

ጥምቀት። ይልቃል ደወለ። እማዬ "ናፍቀሽኛል በልልኝ" አለችሽ አለኝ። በሕይወቷ እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ሞት አመሏን አሳምሮላታል።

ጥር 15፣ ዓርብ

ክፍል ውስጥ ማሰሮውን በፕሮጀክተር አሳየሁ። አይቀርም፣ ኮርሱ ላይ አለ። ከካማሺ የመጣ ተማሪ እጁን አነሳ። ማሰሮው ውስጥ ምን አለ? አለኝ። ምንም፣ ባዶ ነው፣ ምልክት ብቻ ነው አልኩት። ታዲያ ባዶ ዕቃ ለምን ይከናነባል? አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ጥሩ ጥያቄ ነው አልኩ፣ መምህር መልስ ሲያጣ እንደሚለው።

ከዚያ ያቺን የለመድኳትን ደገምኩላቸው። ምልክት ሲደጋገም ይነጥፋል፣ ስሜቱ ይሄዳል፣ ቅርጹ ይቀራል። በማስታወሻቸው ላይ ጻፉት። ፈተና ላይ ይመጣል ብዬ አስፈራርቻቸዋለሁ።

ወደ ቤት ስመጣ ስለ ስሜ አሰብኩ። አስረሳሽ። ከእኔ በፊት አንዲት ሴት ልጅ ሞታባት ነበር እማዬ፤ እኔ ስወለድ አስረሳሽኝ አለች። ያኔ በድንጋይ የሚያስጠርብ አቅም የለ… እኔን አቆመች። በሄድኩበት ሁሉ ሰው ሲጠራኝ ያቺ ልጅ ትታወሳለች። እማዬ ግን ስለ እሷ አንድ ቀን አውርታ አታውቅም። ረስታት ነበር? ስሙ ሠርቶላት ነበር? አሁን ማንን እጠይቃለሁ።

ጥር 19፣ ማክሰኞ

አዳራሹ ሄድኩ። ልናገር ቆርጬ ነበር የሄድኩት፣ በእውነት።

ሐጂ ማስተካከያ አድርገዋል። የሰው ምስል ግድግዳ ላይ መኖሩ ከነከናቸው፣ ለሼኻቸው ነገሩ፣ ፊት አይታይ ተባሉ። ስለዚህ ቴዎ ለሴትየዋ ከራሷ እስከ ደረቷ በጂፕሰም ሻሽ አለበሳት። በፊት አንገቷን የደፋች አልቃሽ ነበረች። አሁን ፊቷን ሸፍና አንገቷን የደፋች አልቃሽ ሆነች። የአውሮፓ ቀራጭ አይቶ ያመሰግናቸው ነበር። በዓምዱ ግን አሸንፈዋል። ተቆርጦ የቀረውን ቴዎ እስከ ጣሪያው ድረስ ሞልቶ ቀጥሎታል። በአጭር የተቀጨውን ሰው ሐጂ በጂፕሰም ዕድሜ ጨመሩለት።

ዋፋ ከሸርቆሌ ሚኒባስ ተሳፍራ መጥታ ነበር። ቁማ ግድግዳውን ስታይ አባቷ እሷን ያያሉ። እናቷ ዓኢሻ የሞተችው ዋፋ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ነው፤ ሐጂ ሌላ አላገቡም። ይሄን አዳራሽ ሲሠሩ ለንግድ ነው ይበሉ እንጂ ለዚች ልጅ ነው። "ያምራል አይደል መምህርት?" አለችኝ። ያምራል አልኳት። ግማሽ ነጥብ ለእኔም።

ዛሬም ሳልናገር መጣሁ። ደስታቸውን ለምን ላበላሽ? ከሠርጉ በኋላ፣ ሲመች፣ ረጋ ብዬ… እንደዚህ እያልኩ ጃንጥላዬን ዘርግቼ ስሄድ ደነገጥኩ። ይሄ የማን ንግግር ነው? የይልቃል አይደለም?

ጥር 22፣ ዓርብ

ክፉ ሆንኩ። ይልቃል ሲደውል ስልኩን ለእማዬ አቅርብልኝ አልኩት። ድምፅዋ ተዘግቷል አለ። እንዲያው ትንፋሽዋን ልስማ አልኩ። ተኝታለች አለ። ቀስቅሳት አልኩ። ወዲያው ኔትዎርኩ ጠፋ። ይልቃል ሲጨንቀው ኔትዎርክ ይጠፋል።

በኋላ አፈርኩ። ልጁ እኮ ብቻውን ነው። አጠገቤ ቢሆን አንድ ጥፊ አቅምሼው አቅፈው ነበር።

ጥር 27፣ ረቡዕ

ሰዉ ሁሉ ደግ ሆነብኝ። ምልክቱ ይሄ ነው። ምንያህል የሒሳብ መምህር ነው፣ የአገሬ ልጅ፣ እዚህ ያለን የአገር ልጆች ማኅበር ሰብሳቢ። በዘጠኝ ዓመት ምሳ ጋብዞኝ አያውቅም። ዛሬ ጋበዘኝ። ደም ግፊት አለሽ ወይ አለኝ በመሃል። ሌሊት ብቻሽን አትፈሪም? ሚስቴ መጥታ አብራሽ ብታድርስ? ቀስ ብሎ ደግሞ የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ላይ አገር ቤት ትሄጃለሽ ወይ አለ። ይልቃል መንገዱ አይመችም አለኝ አልኩት። እሱስ ልክ ነው አለ ቶሎ ብሎ። በጣም ቶሎ ብሎ።

ስለዚህ አገር ቤት መረዳቴ ቀርቷል። እዚሁ ሊያረዱኝ ነው። ፋሲካ ራቀባቸው።

ለራሴ ይግረመኝ፣ ትንሽ ደስ አለኝ።

የካቲት 5፣ ሐሙስ

የዛሬውን ለመጻፍ ልሞክር።

ሐጂ አዳራሹ ነይ አሉኝ። ቴዎ አልነበረም። ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አቅርበው ተቀመጡ፣ እኔም ተቀመጥኩ። የመጋረጃ ቀለም ሊጠይቁኝ መስሎኝ ጥቁር ሰማያዊ የሚል መልስ አዘጋጅቻለሁ። እሳቸው መሬት መሬቱን ያያሉ። ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹን ምንያህል እንደተዋሳቸው ነገሩኝ። ለምን እንደሆነም ነግሯቸዋል፣ ለማንም እንዳይናገሩም አስምሏቸዋል። ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ከዚያ ቀና አሉ።

"መምህርት፣ እናትሽ ሞቷል። አላህ ይርሐምሃ። እኛ ጋ ሰው ሲሞት ወዲያው ይነገራል፣ ወዲያው ይቀበራል። አንቺ እዚህ እየመጣ፣ ለልጄ ቀለም እየመረጠ፣ እየሳቀ… እኔ ዝም ብሎ ማየት አልቻልኩም።"

አውቃለሁ አልኳቸው። ከመቼ ጀምሮ? አሉ። ከታኅሣሥ፣ ወንድሜ ግን ጸበል ናት ይለኛል አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይደብቃል፣ የተደበቀባትም ታውቃለች፣ እሷም ትደብቃለች። "ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው የሚደብቀው ከማን ነው?" አሉኝ። እንባዬ መጣ። ብዙ አይደለም፣ ጥቂት። በጃንጥላው ጨርቅ ጠረግሁት።

ስወጣ በር ድረስ ሸኙኝ። አንድ ነገር ለመኑኝ። ቃላቸውን ማፍረሳቸውን ምንያህል እንዳይሰማ። ቅዳሜ እንዳልሰማሁ ሆኜ ልቅረብላቸው? ሽማግሌው ከባምባሲ ይመጣሉ፣ ሰው ተጠርቷል፣ ንፍሮው ተለቅሟል…

እሺ አልኳቸው። ምን ላድርግ?

የካቲት 6፣ ዓርብ

መስታወት ፊት ቆሜ መደንገጥ ተለማመድኩ። አያምርብኝም። የወፍጮ ቀበቶ የተበጠሰበት ሰው ነው የምመስለው።

የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ነገ ሽማግሌው ተናግረው፣ ሰው ሁሉ አፍጥጦ፣ እንባዬ እንቢ ቢለኝስ? ሁለት ወር በሆዴ ይዤው፣ ትናንት ጥቂት ወጣ፣ ያው እሱ ብቻ ቢሆንስ? "እናቷ ሞታ አላለቀሰችም" ትባላለች አስረሳሽ። ከዚያ በኋላ በየትኛው አገር ነው ፊት ይዤ የምኖረው። እማዬም ብትሆን ትታዘበኛለች።

የካቲት 10፣ ማክሰኞ

ሦስቱ ቀን አለፈ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ምንያህል ደወለ። የአዳራሹ ቧንቧ ፈንድቶ ጌጡን እያበላሸው ነው፣ ቶሎ ድረሽ አለኝ። በውሸት ከይልቃል ይሻላል፣ የሒሳብ ሰው ስለሆነ ይሆናል። ቧንቧ ስላለኝ እኔም ለጨዋታው ጃንጥላዬን ይዤ ሄድኩ።

ስገባ ሰዉ ለሠርግ በተገዙት ወንበሮች ላይ ተደርድሯል። ነጠላው ሁሉ ወደ ታች ተዘቅዝቋል። የምንያህል ሚስትና ሌላ ሴት ከግራና ከቀኝ መጥተው ክንዴን ያዙኝ። የባምባሲው ሽማግሌ ተነሱ። በሰፈራ መጥተው አርባ ዓመት እዚህ ኖረው ወሎኛቸው ትናንት የመጡ ነው የሚመስለው። የተለማመድኩትን ፊት ለማምጣት ተዘጋጀሁ።

"ልጄ፣ እናትሽ ዐርፋለች" አሉ።

ይሄው ነው። ሦስተኛ ጊዜ መስማቴ ነው። አዲስ ነገር የለውም። ግን ክንዴን የያዙት ሴቶች ጠበቅ ሲያደርጉኝ ከሆዴ አንድ ድምፅ ወጣ፣ የእኔ አልመሰለኝም። እማዬ ብዬ ጮህኩ። እነሱ ባይዙኝ ወለሉ ላይ ነበርኩ። ለካ የያዙኝ ለዚያ ነው። ሥርዓቱ ከእኔ በላይ ያውቃል… ያ ሁሉ ሰው አብሮኝ አለቀሰ። እማዬን አይተዋት የማያውቁ፣ የራሳቸውን ሟች እያሰቡ። ጃንጥላው ከእጄ አልወጣ አለ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ነው ያላቀቁኝ።

ቀና ስል ሴትየዋ ከላዬ ናት፣ በጂፕሰም ሻሽዋ። ማሰሮው በግራ፣ በቀኝ። ችቦዎቹ ዙሪያውን። ሁሉም በየቦታው። እንደዚያ የተሟላ የለቅሶ አዳራሽ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም፣ ወርቃማውን ጠርዝ ደግሞ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ያኔ እንኳ በለቅሶው መሃል ሳቅ መጣብኝ። ሴቶቹ ልቤ የጠፋ መስሏቸው ውሃ ረጩኝ።

ሐጂ ሦስቱንም ቀን መጡ። የእሳቸውን ሥጋ እንደማንበላ ያውቃሉ፤ የማሽላ ንፍሮና የከርከዴ ሻይ በትልቅ ጀሪካን አስላኩ። ምንያህልን እያዩ ዓይናቸው ይሸሻል። መዋሸት አይችሉም፣ ፊታቸው ላይ ይጻፋል። ደግነቱ ምንያህል ያዘኑ መስሎታል።

ይልቃል ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ ተላቀስን። ከዚያ ከታኅሣሥ ጀምሮ ማወቄን ነገርኩት። "ስልኩን አቅርብልኝ ስትዪኝ ታዲያ…?" አዎ አልኩት። "አንቺ ክፉ!" አለኝ። እንባ ባለበት ድምፅ ሳቀ፣ እኔም። "ናፍቀሽኛል ማለቷ ግን እውነት ነው" አለኝ በመጨረሻ። ተውኩት።

ትናንት ዐቢይ ጾም ገባ። እነሐጂ ደግሞ ነገ ረመዳንን ይጀምራሉ። ከተማው ሁሉ ሊርበው ነው።

የካቲት 15፣ እሑድ

ነገርኳቸው።

ሐጂ ጾመኛ ናቸው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሄድኩ፣ ዋፋም ነበረች። ጥቁር ለብሼ አዳራሹ መሃል ቆምኩና አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ይሄ የአመድ ዕቃ፣ ይሄ የጠፋ ሕይወት፣ ይሄ አይስክሬም አይደለም። ድምፄ ክፍል ውስጥ እንደማወራው ደረቅ ነበር፣ ፈርቼ ስለነበር። ስጨርስ ልባቸው የሚሰበር፣ ቴዎን በመዶሻ የሚያሳድዱት መስሎኝ ነበር።

ሐጂ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ መቼ ነው ያወቅሽው አሉ። ፎርማው የተዘረገፈ ዕለት አልኩ፣ ደስታችሁን ላለማበላሸት ብዬ፣ ሲመች ልነግራችሁ…

"እንደ ወንድምሽ ነሽ" አሉኝ።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ፊቴ ጋለ። ሁለት ወር ሙሉ በይልቃል ላይ ያፌዝኩትን ሁሉ እዚሁ መለሱልኝ፣ በሦስት ቃል ብቻ።

ቴዎ መጣ። ሰማ። ችቦዎቹ የታሰሩት በቡሎን ነው፣ ፈትቼ ብገለብጣቸውስ? አለ። ወደ ላይ የሚነድ ችቦ ለሠርግ ይሆናል? ይሆናል አልኩት፣ እንዲያውም ጥንትም ለሠርግ ነበር። "ይኸው! አቅጣጫ ብቻ ነበራ" አለ። ሴትየዋ ሙሽራ ትሁን ተባለች፣ ሁላችንም ተስማማን። ሙሽራም ብትሆን ታለቅሳለች።

ማሰሮዎቹ ቀሩ። ሐጂ ይነቀሉ አሉ። ዋፋ ተጠግታ አንዱን ነካችው፣ ከመድረኩ በስተቀኝ ያለውን፣ ሙሽሮች ከሚቀመጡበት በላይ። ጨርቁን በጣቷ እየተከተለች ቆየች። "አባ፣ ይሄኛው ይቀመጥ። እማ በሠርጌ ቀን የት ይቀመጣል?" አለች።

ሐጂ ወደ ውጭ ወጡ። ስናያቸው በሩ ላይ ቆመው ጀርባቸውን ሰጥተውናል። የመግሪብ አዛን እስኪል ድረስ አልተመለሱም።

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

ቴዎ ያቺን ማሰሮ ሊያጠብቃት ከግድግዳው አውርዷት ነበር። ዋፋ ከጀርባዋ የእናቷን ስም ጻፊልኝ አለችኝ፣ ማንም የማያየው ቦታ። እርሳስ ይዤ ጻፍኩ። ዓኢሻ። ከዚያ እርሳሱን ሳልመልስ ቆምኩ። ዋፋ አየችኝ። "የአንቺም እናት ይግባ" አለች፣ "ቦታ አለ።" ይታይሽ ብዬ ከሥር ጻፍኩ። ቴዎ በጂፕሰም አጣብቆ ሰቀላት። አሁን ሁለት ሴቶች፣ አንድ ሙስሊም አንድ ክርስቲያን፣ የሠርግ አዳራሽ ግድግዳ ውስጥ ጀርባ ለጀርባ… አይ፣ ጎን ለጎን። እማዬ ብትሰማ "ማን አስፈቅዶሽ ነው?" ትለኝ ነበር።

የዚያ የካማሺ ልጅ ጥያቄ ትዝ አለኝ። ማሰሮው ውስጥ ምን አለ? ዕረፍቱ ሲያልቅ እመልስለታለሁ።

መጋቢት 20፣ እሑድ

ትናንት ሠርጉ ሆነ።

በጥቁር ልብስ ሠርግ ቤት አልገባም ብዬ ነበር። ሐጂ ሰው ልከው አስመጡኝ። ከመድረኩ በስተቀኝ ወንበር አስይዘውልኛል፣ ከማሰሮዋ ሥር። ጾም ላይ ስለሆንኩ ባሚያ በዘይት ብቻ ተሠርቶልኛል። ሰው ሁሉ ጌጡን አደነቀ። ከመንጌ የመጡ የሐጂ ዘመዶች ከማር ዕቃዋ ሥር ፎቶ ተነሱ። ምንያህል ሚስቱን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ችቦዎቹን አይቶ ባለፈው ወደ ታች አልነበሩም እንዴ አለኝ። አንተ ያኔ በእንባ ነው ያየሃቸው አልኩት። ዋፋ ስትገባ እልልታው ጣሪያውን ሊነቅለው። አንገቷን ደፍታለች፣ እንደ ግድግዳዋ ሴት። ከመቀመጧ በፊት ቀና ብላ ወደ ማሰሮዋ አንድ ጊዜ አየች። ሐጂም አዩ። እኔም አየሁ። ከዚያ ሁላችንም ሌላ ቦታ አየን።

ዘፈኑ ሲበረታ ይልቃል ደወለ። ወደ ውጭ ወጣሁ። የሰሞኑ ሙቀት ነበር፣ ጃንጥላዬን ዘረጋሁ። ምንድን ነው ጩኸቱ አለ፣ ሠርግ ነው አልኩት። "ሐዘን ላይ ሆነሽ?" አለ። አንተ ደግሞ ሥርዓት አስከባሪ ሆንክ አልኩት። ከዚያ እታለም አለኝ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ።

"እማዬ ናፍቀሽኛል አላለችም። እኔ ነኝ የጨመርኩት።"

አውቃለሁ አልኩት። ታዲያ ምንም አላለችም? አልኩ፣ ቀስ ብዬ። መልሱን ፈርቼዋለሁ። አለች እንጂ አለኝ። የመጨረሻው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ድምፅዋ እየደከመ። ሊነግረኝ አፍሮ ነው እስከ ዛሬ የቆየው፣ የኑዛዜ ወግ የለውም ብሎ።

"ያቺ ልጅ ጃንጥላዬን ወስዳ ቀረች። መልሺ በላት" ነው ያለችው።

በአሶሳ ፀሐይ መሃል፣ ጃንጥላዋን ጨብጬ፣ ቁሜ ሳቅሁ። እስኪያመኝ ሳቅሁ፣ እንባዬ በአንገቴ ወረደ። እሷ ናት! ይቺ እማዬ ናት። ሌላዋን ሴትዮ፣ ናፍቀሽኛል የምትለዋን፣ እኔ አላውቃትም ነበር። ይልቃልም መሳቅ ጀመረ። ሐጂ በሩ ላይ ብቅ ብለው አዩኝና ተመልሰው ገቡ።

ለፋሲካ እሄዳለሁ። በባሕር ዳር ይሁን በሌላ፣ መንገዱ እንደሆነ ይሁን። ዛሬ ጠዋት ጃንጥላውን አጥቤ በር ጥግ አቁሜዋለሁ። የእጀታው ክር ላልቷል፣ አጠብቅላታለሁ። እንዲህ እንደላላ ብመልስላት ትቆጣለች።